የጎረቤት አገሮች የጋራ ገበያና የጉብሬ ነጋዴ

ንግድ ድንበር አያውቅም ሲባል ዘወትር ይሰማል። ነገር ግን ዕቃ ያስመጣ ወይም ወደ ውጭ የላከ ነጋዴ ሁሉ ድንበር ምን እንደ ሆነ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ለነጋዴው ድንበር ማለት የጉምሩክ ቀረጥ ነው፤ የፍተሻ ወረፋ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ነው፤ የጠፋ ቀንና የተበላሸ ጭነት ነው። የአፍሪቃ መንግሥታት እነዚህን መሰናክሎች ለማቃለል ከ60 ዓመት በላይ ሲመክሩና ሲዋዋሉ ኖረዋል። ከእነዚህ ውሎች የሚገኘው ጥቅም በወደብና በዋና ከተማ ለተቀመጠው ትልቅ ነጋዴ ብቻ ነው፣ ወይስ በጉብሬ ከተማ ሱቅ ለከፈተውና ከገበሬው እጅ ምርት ለሚሰበስበውም ይደርሳል? ይህ በጥሞና ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ነው።

የጉብሬ አቀማመጥ

ጉብሬ ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከወልቂጤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ወልቂጤ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. በጉብሬ ከተቋቋመ ወዲህ ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች የመጡ ተማሪዎችና መምህራን ስለሚኖሩባት፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ደብተር፣ ጫማና ልብስ የሚሸጠው ባለሱቅ ሰፋ ያለ ደንበኛ አግኝቷል። በዙሪያዋ ያለው የጉራጌ አገር እንሰት፣ ቡና፣ ጫት፣ ማርና ባሕር ዛፍ ያፈራል። በምሥራቅ በኩል ወደ ቡታጅራና ወደ ማረቆ ሲኬድ በርበሬ የታወቀ የገበያ ምርት ነው።

ይህች ከተማ ከየትኛውም የባሕር ወደብ የራቀች ብትሆንም፣ ባለሱቆቿ በየዕለቱ ከጎረቤት አገር ጋር መገበያየታቸው አልቀረም። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ ከ100 እጅ ከ90 የሚበልጠው በጅቡቲ ወደብ ያልፋል። ስለዚህም በጉብሬ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጡት የውጭ ዕቃዎች ከአብዛኛዎቹ ዋጋ ውስጥ የወደቡ ኪራይ፣ የጭነት መኪናው ወይም የባቡሩ ክፍያና በመንገድ የባከነው ጊዜ ይገኝበታል። የቀድሞው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ የአገሪቱ ንግድ መልኩ እንደ ተለወጠ የታወቀ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራውና 750 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አዲሱ ባቡርም በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለንግድ ሥራ ተሰማርቷል። እንግዲህ ከጎረቤት ጋር ያለው ግንኙነት ሲሻሻል ወይም ሲበላሽ፣ ውጤቱ በመጨረሻ የሚታየው በእንዲህ ያሉ ከተሞች የዋጋ ዝርዝር ላይ ነው።

ቀድሞ የተገኘ ልምድ

የተለያዩ ወገኖች አንድ ገበያ እንዲኖራቸው ምን እንደሚያስፈልግ ለማወቅ የጉራጌ አገር ሕዝብ ሩቅ መሄድ አያሻውም። ሰባት ቤት ጉራጌ የሚባሉት ወገኖች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አገርና የየራሳቸው ሽማግሌዎች ያሏቸው ሆነው፣ በመካከላቸው የሚነሣውን ጠብና ክርክር የሚዳኙበት የጋራ ሸንጎና የጋራ ሕግ ነበራቸው፤ ይኸውም የጆካ ቂጫ በሚል ስም የሚታወቀው ነው። አንዱ ከሌላው አገር ሄዶ ሲገበያይ ቢበደል አቤት የሚልበት ስፍራ አያጣም። ገበያን ገበያ ያደረገው የሰው መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን፣ የተሰበሰበው ሰው በጋራ የሚቀበለው ዳኝነት መኖሩ ነው።

ሁለተኛው ልምድ የመንገድ ነው። በአዲስ አበባ በመርካቶና በሌሎችም ከተሞች በንግድ የተሠማሩት የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ዓመታት መንገድ የሚያሠራ ማኅበር አቋቁመው፣ ከአባሎቻቸው ገንዘብ በማዋጣትና ከመንግሥት ጋር በመተባበር የትውልድ አገራቸውን ከዋናው ጎዳና ጋር አገናኝተዋል። እነዚያ ነጋዴዎች መንገድ የሌለው ገበያ ስሙ ብቻ ገበያ እንደ ሆነ ተረድተው ነበር። ዛሬ ከጉብሬ የተነሣ የጭነት መኪና በሆሳዕናና በሐላባ አድርጎ ወደ ሐዋሳ፣ ከዚያም በዲላና በቡሌ ሆራ በኩል እስከ ሞያሌ ድረስ መሄድ ይችላል። ከሞያሌ በኋላ ያለው ግን በመንገድ ብቻ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም።

ከአንዱ ውል ወደ ሌላው

የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት በግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተቋቋመ ጀምሮ የኤኮኖሚ መተባበር ሐሳብ ከመድረኩ ጠፍቶ አያውቅም። በታኅሣሥ 1974 ዓ.ም. በሉሳካ ከተማ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪቃ አገሮች የተለየ የቀረጥ ቅናሽ የሚሰጣጡበት ውል ተፈረመ። ይህም ውል በ1986 ዓ.ም. በካምፓላ በተፈረመው ስምምነት ተተክቶ ኮሜሳ የሚባለው ማኅበር ተቋቋመ። ከኮሜሳ አባሎች ዘጠኙ በጥቅምት 1993 ዓ.ም. በመካከላቸው ቀረጥ የሌለበት የንግድ ቀጣና ሲመሠርቱ ጎረቤቶቻችን ኬንያ፣ ሱዳንና ጅቡቲ ከእነርሱ ጋር ነበሩ። ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ብትሆንም በዚያን ጊዜ ወደ ቀጣናው አልገባችም፤ ለአባል አገሮች ዕቃ ከቀረጡ 10 በመቶ ብቻ ቅናሽ በማድረግ ተወስናለች። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች ሲጠቀሱ ቆይተዋል፤ አንደኛው ከጉምሩክ የሚገኘው የመንግሥት ገቢ እንዳይጎድል፣ ሁለተኛው የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች በውድድር እንዳይሸነፉ ነው።

የአፍሪቃ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ውል ደግሞ በመጋቢት 12 ቀን 2010 ዓ.ም. በኪጋሊ ተፈርሞ፣ በግንቦት 2011 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። በውሉ መሠረት የሚካሄደው ንግድ የተከፈተው ታኅሣሥ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ውሉን በ2011 ዓ.ም. አጽድቃ፣ በዚሁ ውል መሠረት የመጀመሪያዎቹን ጭነቶች በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ውጭ ልካለች። በውሉ መሠረት እያንዳንዱ አገር ከቀረጥ ዝርዝሩ ውስጥ በ90 በመቶው ላይ ያለውን ቀረጥ በየዓመቱ እየቀነሰ ያነሣል። በኤኮኖሚ እጅግ ወደ ኋላ ለቀሩት አገሮች በጠቅላላው የተሰጠው ጊዜ 10 ዓመት ነው። ጥንቃቄ ለሚያስፈልጋቸው 7 በመቶ ዕቃዎች ከዚህ የረዘመ ጊዜ ተፈቅዷል፤ የቀሩት 3 በመቶ ከቅናሹ ውጭ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህም አስመጪው የሚያስመጣው ዕቃ ከሦስቱ ክፍሎች በየትኛው እንደሚገኝ ማወቅ አለበት፤ የሱቁ የወደፊት ዋጋ በዚያ ይወሰናልና።

ሲሮጡ የታጠቁት

ውል መፈረሙና ኬላ መከፈቱ ብቻ በቂ አለመሆኑን ለማስረዳት በቅርብ ጊዜ ከታየው የኢትዮጵያና የኤርትራ ንግድ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ሁለቱ አገሮች ከተለያዩ በኋላ ለጥቂት ዓመታት በአንድ ገንዘብ፣ በብር፣ ይገበያዩ ነበር፤ የአሰብ ወደብም የኢትዮጵያን ንግድ ያገለግል ነበር። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ ናቅፋ የተባለ የራሷን ገንዘብ ባወጣች ጊዜ፣ በሁለቱ መካከል የሚደረገው ንግድ በውጭ ምንዛሪና በባንክ ኤል ሲ ይሁን ወይስ በሁለቱ ገንዘቦች እኩል መለዋወጥ የሚለው ክርክር ተነሣ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ጦርነት ሆነና ንግዱ በጠቅላላው ቆመ።

ከ20 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በዛላምበሳና በቡሬ ድንበሩ በታላቅ ደስታ ተከፈተ። ቤተ ሰብ ከቤተ ሰብ ተገናኘ፤ እህል፣ ጤፍና የሕንጻ መሣሪያ የጫኑ መኪናዎች ወደ አሥመራ ተመሙ፤ ከወዲያም ሸማቾች ወደ መቀሌ ገበያ ጎረፉ። ይሁን እንጂ የቀረጡ ደንብ፣ የገንዘቡ የምንዛሪ ልክና የጭነት ፈቃዱ ሥርዓት አስቀድሞ አልተወሰነም ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በዛላምበሳ በኩል ያለ ፈቃድ ማለፍ ተከለከለ፤ እስከ ሚያዝያ ድረስ የቀሩትም መተላለፊያዎች እየተዘጉ ሄዱ። ለመዘጋቱ የመንግሥታቱ የየራሳቸው ምክንያት ቢኖርም፣ ለነጋዴው የቀረለት ትምህርት አንድ ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ገንዘቡን በጭነት ላይ ያዋለ ነጋዴ የሚፈልገው ኬላው ዛሬ ክፍት መሆኑን ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ተሽጦ ገንዘቡ እስኪመለስ ድረስ ክፍት ሆኖ እንደሚቆይ ማወቅ ይሻል። ይህንንም የሚያረጋግጥለት የተጻፈ ደንብ እንጂ የአንድ ቀን ደስታ አይደለም።

ሞያሌና የኮንትሮባንድ ጉዳይ

በደቡብ በኩል ያለው አሠራር ከዚህ የተለየ ነው። በሞያሌ የኢትዮጵያና የኬንያ የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ሹማምንት ጎን ለጎን ተቀምጠው ተጓዡንና ጭነቱን በአንድ ስፍራ የሚፈትሹበት የጋራ ኬላ በኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መሪዎች ተመርቋል። ዓላማውም ቀድሞ በሁለት ኬላ ሁለት ጊዜ ይደረግ የነበረውን ምርመራ አንድ ማድረግ ነው። ከዚህ ሌላ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ እስከሚባለው ስፍራ 1,045 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ መሥመር ተሠርቶ፣ ኢትዮጵያ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለኬንያ ኀይል መሸጥ ጀምራለች። ይህ ሽያጭ የሰመረው ዋጋው፣ መጠኑና የአከፋፈሉ ሁኔታ ለብዙ ዓመታት በውል ስለ ተወሰነ ነው።

ነጋዴው ግን በግልጽ የሚያውቀው ሌላ እውነት አለ። የቀረጡ ክብደትና የፈቃዱ ብዛት ባለበት ሁሉ ኮንትሮባንድ አይጠፋም። ከኬንያም ሆነ ከሱማሌ ወይም ከጅቡቲ በኩል ያለ ቀረጥ የሚገባው ልብስ፣ ሲጋራና የኤሌክትሪክ ዕቃ እስከ መሐል አገር ገበያ ይደርሳል። ንግድ ፈቃዱን በየዓመቱ የሚያሳድሰው፣ ደረሰኝ የሚቆርጠውና ግብሩን የሚከፍለው ባለሱቅ ከዚህ ዕቃ ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም። እንግዲህ ድንበሩ ሕግን ለሚጥሰው ሰው ከተከፈተ ብዙ ዘመን ሆኖታል ማለት ነው። የጋራ ገበያ ውሎች የሚያደርጉት ትልቁ ለውጥ ይኸው ድንበር ሕግ ለሚያከብረውም ሰው እንዲከፈት ማድረግ ነው። ቀረጡ ሲቀንስ የኮንትሮባንዱ ትርፍ ይቀንሳል፤ የሕጋዊው ነጋዴ ዕቃም ዋጋው ከሌላው ጋር ይቀራረባል።

በኮሜሳ አባሎች መካከል ለአነስተኛ ነጋዴዎች የተዘጋጀ ቀለል ያለ አሠራርም አለ። እንደ ዛምቢያ፣ ማላዊና ዚምባብዌ ባሉ አገሮች ዋጋው ከ2,000 የአሜሪካ ዶላር ያልበለጠ ጭነት፣ አገሮቹ በተስማሙበት የዕቃ ዝርዝር ውስጥ የተጻፈ ከሆነ፣ በኬላው ላይ በሚሞላ አጭር ቅጽ ያልፋል። ነጋዴዋ በትንሽ ጭነት ምክንያት አስተላላፊ መቅጠር ሳያስፈልጋት መብቷን ታገኛለች። በአነስተኛ ነጋዴ ለተመላው የኢትዮጵያ ድንበር እንዲህ ያለው ዘዴ ትልቅ ፋይዳ እንደሚኖረው አያጠራጥርም።

የዕቃው ትውልድ፣ ጥራቱና ክፍያው

ብዙ ነጋዴዎች የሚሳሳቱት የቀረጡ ቅናሽ ከጎረቤት አገር ለመጣ ዕቃ ሁሉ የሚሰጥ ስለሚመስላቸው ነው። ቅናሹ የሚሰጠው በአባል አገር ውስጥ ለበቀለ፣ ለተወለደ ወይም በበቂ ሁኔታ ለተሠራ ዕቃ ነው። በቻይና የተሠራ ብርጭቆ በጅቡቲ ወደብ ስላረፈ የጅቡቲ ዕቃ አይባልም፤ ስለዚህም ሙሉ ቀረጥ ይከፈልበታል። በአንጻሩ በጉራጌ መሬት የበቀለ ቡና ወይም በርበሬ ሙሉ በሙሉ የኢትዮጵያ ዕቃ ነው፤ ይህንንም የሚመሰክር የትውልድ ምስክር ወረቀት ከሥልጣኑ ባለቤት መሥሪያ ቤት ሊያዝለት ይገባል። ይህ ወረቀት ከሌለ ውሉ ላኪውን አይጠቅመውም።

ወረቀቱ ቢሟላም ዕቃው ራሱ መፈተኑ አይቀርም። የምሥራቅ አፍሪቃ ማኅበረሰብ አባሎች በመካከላቸው የእህል ቀረጥ ያነሡ ሲሆኑ፣ ኬንያ በ2013 ዓ.ም. በየካቲት ወር መጨረሻ ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ የሚመጣውን በቆሎ አገደች። ምክንያቱም አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ከተፈቀደው ልክ በላይ ተገኝቶበታል የሚል ነበር። እገዳው በቀናት ውስጥ ቢነሣም፣ አስመጪዎች እንዲመዘገቡና ለጭነቱ የጥራት ምስክር እንዲያቀርቡ ተወሰነ። ቀረጥ የሌለበት ዕቃ በጥራት ምክንያት ከኬላ ሊመለስ እንደሚችል ከዚህ ይታያል። ይህ ጉዳይ የቡታጅራንና የማረቆን በርበሬ ለሚሰበስቡ ነጋዴዎች በቀጥታ የሚነካቸው ነው። ገና ሳይደርቅ በጆንያ የታጨቀ ወይም በመሬት ላይ ተሰጥቶ ዝናብ የነካው በርበሬ ለዚሁ ሻጋታ የተጋለጠ ነውና፣ በአልጋ ወይም በንጹሕ ምንጣፍ ላይ እንዲደርቅ ገበሬውን መምከርና ለዚህም የተሻለ ዋጋ መክፈል የሰብሳቢው ነጋዴ ፈንታ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ክፍያ ነው። የኢትዮጵያና የኬንያ ነጋዴዎች እርስ በርሳቸው ሲገበያዩ ሒሳባቸውን የሚያወራርዱት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም አገሮች ባልሆነ ገንዘብ፣ በዶላር ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ልክ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አስመጪው ምንዛሪ የሚያገኝበት መንገድ ቢሰፋም፣ የብሩ ዋጋ ዝቅ በማለቱ የዕቃው ዋጋ ከፍ ብሏል፤ ለላኪው ደግሞ በአንድ ዶላር የሚያገኘው ብር በዝቶለታል። የአፍሪቃ ባንኮች በየአገራቸው ገንዘብ እንዲከፋፈሉ የሚያስችለው ሥርዓት በጥር 2014 ዓ.ም. በአክራ በይፋ ሥራ ጀምሯል። ይህ አሠራር ወደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ሲደርስ በዶላር እጥረት የሚቆም ንግድ እንደሚቀንስ ይታመናል።

የሰው ዝውውር

ዕቃ ብቻውን አይሄድም፤ ነጋዴው፣ ሹፌሩና ወኪሉ አብረውት ይጓዛሉ። ኢትዮጵያና ኬንያ ዜጎቻቸው ያለ ቪዛ እንዲገቡ በመስማማት ከብዙዎቹ የአፍሪቃ አገሮች ቀድመዋል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ኢትዮጵያ ለአፍሪቃ አገሮች ዜጎች በሙሉ በመግቢያ በሯ ላይ ቪዛ የምትሰጥ መሆኗን አስታውቃለች። በአህጉር ደረጃ የሰዎችን በነጻ የመዘዋወር መብት የሚመለከተው ፕሮቶኮል በጥር 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጸደቀ ሲሆን፣ ሥራ ላይ እንዲውል የ15 አገሮችን ማጽደቅ ይጠይቃል፤ ያጸደቁት ግን ከዚህ ቁጥር እጅግ ያነሱ ናቸው። ኢጋድም ለአባሎቹ ተመሳሳይ ፕሮቶኮል በ2012 ዓ.ም. በካርቱም ላይ አዘጋጅቷል።

በእነዚህ ውሎች ውስጥ ሦስት መብቶች ተለይተው መታወቅ አለባቸው፤ የመግባት መብት፣ የመኖር መብትና ሥራ የማቋቋም መብት። ያለ ቪዛ ናይሮቢ የገባ ነጋዴ ገበያውን ሊያይና ሊዋዋል ይችላል እንጂ፣ በዚያ ሱቅ ለመክፈት የሚያስፈልገው ፈቃድ ሌላ ነው። በአገራችንም ቢሆን የጅምላና የችርቻሮ ንግድ፣ እንዲሁም የቡናና የጫት ኤክስፖርት፣ ለረጅም ዘመን ለአገር ተወላጆች ተጠብቆ ከኖረ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ የተወሰኑትን ግዴታዎች ለሚያሟሉ የውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። ስለዚህ በሩ የሚከፈተው በሁለት በኩል መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የጉብሬ ሰብሳቢ ምርቱን ወደ ናይሮቢ ሊልክ የሚችለውን ያህል፣ የናይሮቢ ድርጅትም ወኪሉን ልኮ ከጎኑ ሊገዛ ይችላል። ገበሬው በዚህ ይጠቀማል፤ በአንድ ስፍራ ተቀምጦ በርካሽ መግዛት የለመደ ነጋዴ ግን ሊጎዳ ይችላል።

ለነጋዴው የቀረው ሥራ

በዚህ ዝግጅት ውስጥ የመንግሥት ፈንታ ብዙ መሆኑ አይካድም። የቀረጡን የቅናሽ ሰሌዳ ሁሉም በሚያየው ስፍራና በሚገባ ቋንቋ ማሳተም፣ የጥራት መመርመሪያ ቤቶችን ምርቱ ወደሚሰበሰብበት ከተማ ማቅረብና በኬላ ላይ የሚደረገውን ምርመራ ማሳጠር ከእርሱ የሚጠበቅ ነው። የንግድ ምክር ቤቶችም አባሎቻቸውን ስለ ትውልድ ምስክር ወረቀት ማስተማር፣ ከጎረቤት አገር ምክር ቤቶች ጋር አስተማማኝ ገዢና ሻጭ ማስተዋወቅና በነጋዴዎች መካከል ለሚነሣው ክርክር የግልግል ዳኝነት ማዘጋጀት ይችላሉ። የሰባት ቤት ሽማግሌዎች በጆካ ያደርጉት የነበረው በመሠረቱ ከዚህ አይለይም።

የጉብሬ፣ የወልቂጤና የቡታጅራ ነጋዴ ደግሞ ብቻውን አንድ ሙሉ ጭነት ለመላክ አቅሙ ባይፈቅድለት፣ በማኅበር ተደራጅቶ ምርቱን በአንድ መጋዘን ሊያከማች፣ በአንድ ሚዛን ሊመዝን፣ በአንድ የጥራት ደረጃ ሊለይና በአንድ ስም ሊልክ ይችላል። አባቶቹ መንገድ ለማሠራት ገንዘብ ያዋጡት በዚሁ ዘዴ ነው። ሒሳብን በመዝገብ መያዝ፣ ደረሰኝ መቁረጥና ውልን በጽሑፍ ማድረግ እንደ ትርፍ ሥራ መታየት የለበትም፤ የጎረቤት አገር ገዢም ሆነ ባንክ አስቀድሞ የሚጠይቀው እነዚህን ነው። ባለሱቁም የሚሸጣቸው ዕቃዎች በየትኛው የቀረጥ ክፍል እንደሚገኙ አጣርቶ፣ ዋጋቸው በሚቀንስበት ጊዜ ብዙ ክምችት በእጁ ይዞ እንዳይገኝ ማሰብ ይገባዋል። የቀረጡ የቅናሽ ሰሌዳ በየዓመቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ለተዘጋጀው ነጋዴ አይፈጥንም፣ ያልተዘጋጀውንም ቆሞ አይጠብቅም።